እንስራ መላሽ

ደጀን ነው ያደርኩት፣ ከበረሃው አፋፍ፣
ጭጋግ ዓባይን ውጦ ሲተነፍስ በአፍ፤
የጭነት መኪና ቁልቁለት ሲወርድ፣
ፍሬኑ ሲያቃስት፣ መስኮቴ ሲርድ።
ጠረጴዛው ጠባብ፣ አንድ እግሩ ያጠረ፣
በካርቶን ቁራጭ ተደግፎ ያደረ።
ከላዩ ዘርግቼ ካርታ በአራት እጥፍ፣
ተልኬ መጥቻለሁ ጥናት እንድጽፍ።

ርእሱ ረጅም ነው፦ «የዝግጁነት ደረጃ፣
የከፍታ ቦታዎች ይዞታና ማስረጃ»፤
ሰባት ሠንጠረዥ፣ አርባ ሁለት ጥያቄ፣
ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ታጥቄ።

አንድ ጉብታ ላይ ዓይኔ ተተከለ፦
መስመር ሰባት ጊዜ የተጠቀለለ፤
«ከፍታ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት»፣
ስም ያላወጣለት እናትም ሆነ አባት።
ጥሩ ጉብታ ነው፦ ሁሉን ያያል ከላይ፣
መንገዱን፣ ድልድዩን፣ መዞሪያውን በዓባይ፤
አርባ ሰው ይዞት ቢሰነብት ሦስት ቀን
ያዘገያል አልኩኝ አንድ ሙሉ ሻለቃን።
በቀይ ከበብኩት። ቀሊል ነው መጠበቅ
ሀገርን በእርሳስ፣ ወረቀት እስኪያልቅ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው ጠቆሙኝ፤
«ሃምሳ አለቃ ይርሳው ያውቃል» ብለው ላኩኝ።
ጎማ ይለጥፋል ከማደያው ጎን፤
ግራ እጁን ሰጠኝ፣ ቀኙ ይዟል ሙጫውን።
ስሙ ይርሳው ይሁን እንጂ የሚረሳ አይደለም፤
ካርታዬን ሲያይ ሳቀ፣ ሳቁ ደስ አይልም።

«ካንተ በፊት አንድ ሰው ይህንኑ ከበበ፣
እንዳንተው በእርሳስ፣ እንዳንተው እያሰበ።
አርባ ሆነን ወጣን። ዕቅዱ እንከን የለው፤
ጥይቱም፣ ምሽጉም፣ ብስኩቱም ሙሉ ነው።
ጠላት ግን አልመጣም። የመጣው መጋቢት።
ምንጯ ጥላን ጠፋች፣ እንደ ሌባ፣ በሌሊት።
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምተን ስቀን፣
ዓባይ እታች ይፈስሳል፤ እያየነው ተጠማን።
ሦስት ልጆች ኮዳ አንግተው ወረዱ፤
እስከ ዛሬ አልወጡም፤ ገና እየቀዱ።

ጽፌ ነበር በእጄ። ዋናው ገጽ ጠበበ፤
ወደ ግርጌ ወርዶ፣ ደቅቆ፣ ማን አነበበ!»

የባጃጇን ጎማ ልታስነፋ የቆመች
ሙጨ የምትባል ልጅ፣ ከጉብታው ስር ያደገች፣
አንገቷን አስግጋ ካርታውን አየች፤
«የቱን ነው? እንስራ መላሽን ነው?» አለች።

«ምን አልሽው?»
«እንስራ መላሽ ነዋ! በመጋቢት ብትወጪ፣
ባዶ እንስራሽን እንጂ ሌላ ምን ልታመጪ!»

ዝም አልን። ከጎማው አየር ብቻ ወጣ።
ይርሳው ሙጫውን ከደነ፤ ቃል ግን አላወጣ።
ሁለት ቃል ነበረች ጠቅላላ መረጃው፣
ከእናት ወደ ልጅ በጀርባ የወረደው።
ስሙን ፍቀን ቁጥር ስናኖር በቦታው፣
ሦስት ልጆች ናቸው አብረን የፋቅናቸው።
ካርታ ሁሉን ያውቃል፤ ወር ግን አያውቅም፤
መጋቢትን የሚያህል ጠላት አይታየውም።

ደጀን ማለት በሙያችን ከኋላ የቆመ፣
ውሃና ስንቅ ይዞ ለፊተኛው የደከመ።
ከተማዋም ደጀን ናት፤ ስሟን ካርታው ጽፏል፤
ሰሙ ከተማ ነው፤ ወርቁ ኮዳ ውስጥ ደርቋል።

ማታ አለቃዬ ደወለ፦ «ስምንት ገጽ ይበቃል፤
ተረት ምን ያደርጋል? ቁጥሩ ይታወቃል።»
እሺ አልኩ። እጄ ግን፣ ልማድ ነው፣ ሳልነግረው
ስሙን ወደ ግርጌ ሊያወርደው ጀመረው።
የመኪና ፍሬን ጮኸ። ጠረጴዛው ተንገዳገደ።
እርሳሱ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወረደ።

ሠንጠረዥ አራትን ቀደድኩት፣ አጠፍኩት፤
ካጠረው እግር ስር፣ ካርቶኑ ላይ ጨመርኩት።
ረጋ። ከዚያ በኋላ ከዋናው ገጽ፣ ሳልሸሽ፣
ከቁጥሩ አስቀድሜ ጻፍኩት፦ እንስራ መላሽ።

ይሰርዙት ይሆናል፤ እሱን እንጃ፣ አላውቅም።
ዛሬ ሃያ ስምንት ነው። የካቲት አይቆምም።